ማስተሩ የማን ነው? የአምሃ ሪከርድስ መነሣትና መውደቅ ከጎንደር ሲታይ

አጎቴ ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። ያደግሁት እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ከትምህርት ቤት ስወጣ ቀጥታ ወደዚያ ነው። በሩ ላይ ትልቅ ስፒከር ቆሞ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ካሴት ነው። ከባንኮኒው ሥር ደግሞ አንዲት የእንጨት ሳጥን ነበረች። እሷን ማንም አይነካትም።

ሳጥኗ ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ሸክላዎች አሉ። ትንንሾቹ ናቸው፤ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት፣ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን ብቻ የሚይዙት። አንድ ቡና ቤት ሥራ ሲያቆም ነው አጎቴ የገዟቸው። ማጫወቻው ተበላሽቶ ስለነበር ሌላ የፈለጋቸው ሰው አልነበረም።

«ጋሼ፣ ማጫወቻ የለዎት። ምን ያደርጉልዎታል?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ቦታው መልሰው» አሉኝ። «እሱ የሚሸጥ አይደለም።»

አንዱን አውጥቼ ይዤው ነበር። መሐሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ደብዝዟል። ከእጅ ብዛት ግማሹ ጽሑፍ አይነበብም። «አምሃ» የሚለው ስም ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያኔ ዘፋኝ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ አጎቴ አርፈዋል። ሱቁም የለም። እኔ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ድምፅ እቀዳለሁ። ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍኜዋለሁ። ማሲንቆ የሚጫወቱ ልጆች ይመጣሉ፣ የሠርግ ዘፋኞች ይመጣሉ። ከነሱ ጋር ስንነጋገር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እንደርስና ዝም እንላለን። የተቀዳው ድምፅ የማን ነው? ማስተሩን፣ ማለትም ቅጂው ሁሉ የሚወጣበትን የመጀመሪያውን ቀረጻ፣ ማን ያስቀምጠው? እኔ በዚህ ጉዳይ ከማውቃቸው ታሪኮች ሁሉ የሸክላ አሳታሚውን የአምሃ ሪከርድስን ያህል የሚያስተምር አላገኘሁም። ስለዚህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልተርከው። የሸክላዎቹን ዓመት እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ዘፋኙም ጥሩምባውም የመንግሥት ነበሩ

የኢትዮጵያ ድምፅ ሸክላ ላይ የሰፈረው ገና ድሮ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ጀርመን ሄደው በርሊን ላይ ተቀድተዋል። ከዚያ በኋላ ግን ለስድሳ ዓመት ያህል ሥራው ወደ ንግድ አላደገም። አንዱ ምክንያት ሕግ ነው። በ1948 በንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ማኅበሩ የተቋቋመው በ1935፣ ጣሊያን ሊወረን በሚዘጋጅበት ሰዓት፣ ሕዝቡን ለማነቃቃት ነው። የቲያትርና የሙዚቃ ቤት ነው እንጂ የንግድ ቤት አይደለም። መብቱን ይዞ ተቀመጠ፤ ብዙም አልሠራበትም።

ዘፋኞቹስ? ደሞዝተኞች ናቸው። ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ አለው። ፖሊስ ሠራዊት አለው። ጦር ሠራዊትና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርም እንደዚያው። ጥሩምባው የመንግሥት፣ ዩኒፎርሙም የመንግሥት ነው። ማሕሙድ አሕመድ እስከ 1974 ድረስ የክቡር ዘበኛ ሰው ነበር። ዓለማየሁ እሸቴም ከፖሊስ ኦርኬስትራ ነው የወጣው። ሰው እነዚህን ድምፆች የሚሰማው በሬዲዮ ነው፤ ወይም አዳራሽ ገብቶ ነው። ወድጄዋለሁ ብሎ በእጁ ይዞት ወደ ቤቱ የሚሄድ ነገር እንደ ልብ አይገኝም ነበር።

እኛ ጋ ደግሞ አዝማሪው አለ። አዝማሪ ደሞዝ የለውም፤ አለቃም የለውም። ግጥሙን እዚያው ፊትህ ላይ ይፈጥረዋል። አንተ ደስ ካለህ ብር ታወጣና ግንባሩ ላይ ትለጥፍለታለህ። ሲነጋ ግጥሙ የለም፤ ዜማውም ከሰዉ ጋር ተበትኗል። ነፃ ሰው ነው፤ ግን የሚያወርሰው ወረቀት የለውም። ይህን በኋላ እመለስበታለሁ።

ሱቅ ያለው ሰው

በ1969 አምሃ እሸቴ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሸክላ ይሸጥ ነበር፤ የውጭ አገር ሸክላ። ይህ ነገር በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ሙዚቃ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ባንኮኒ ኋላ የቆመ ሰው ገዢው ገብቶ ምን እንደሚጠይቅ፣ ምን አጥቶ እንደሚወጣ በየቀኑ ያያል። የትኛው ዘፈን በስንተኛው ቀን እንደሚሰለችም ያውቃል። ይህን ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ የማኅበር ኃላፊ አያውቀውም።

ድንጋጌው እያለ አምሃ መቅዳት ጀመረ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ «ትማርኪያለሽ» ነው። ሊታሰር ይችል ነበር፤ አልታሰረም። ወረቀቱ ላይ ያለው መብት ወረቀቱ ላይ ቀረ፤ ሥራው ግን ወደ ሠራተኛው ሄደ።

ሰው ስለ አምሃ ሲያወራ ብዙ ጊዜ ድፍረቱን ብቻ ነው የሚያነሣው። ድፍረቱስ እውነት ነው። እኔ ግን ከድፍረቱ ይልቅ የጊዜው አመራረጥ ይገርመኛል። ከየኦርኬስትራው ብቅ ያሉት ወጣቶች ምሽት ምሽት ሆቴልና ክለብ ውስጥ በራሳቸው ባንድ መጫወት ጀምረዋል። ኤሌክትሪክ ጊታር ገብቷል፣ ኦርጋን ገብቷል። ሰሚ አለ፤ ተጫዋች አለ። የጎደለው መሐል ላይ ቆሞ ሁለቱን የሚያገናኝ ነበር። አምሃ እዚያ መሐል ገባ።

አንድ ሸክላ እንዴት ይወለዳል

መጀመሪያ ቴፕ ነው። እንደ ዛሬው ከበሮው ለብቻ፣ ድምፁ ለብቻ የሚቀዳበት ጊዜ አልነበረም። ባንዱ አንድ ክፍል ገብቶ አብሮ ይጫወታል፤ ዘፋኙም አብሮ ይዘፍናል። ሳክስፎኑ ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ነው። እነዚያን ሸክላዎች በደንብ ያዳመጠ ሰው ይህን ይሰማዋል። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ጥሩምባው እዚያች ክፍተት ውስጥ ይገባል። በኋላ ቁጭ ብሎ ያስተካከለው የለም። ሰዎቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ በቃ።

ከቅንብሩ ጀርባ ብዙ ጊዜ ግርማ በየነን ታገኘዋለህ። ፒያኖ ይጫወታል፣ ያቀናብራል፣ ራሱም ይዘፍናል። ሙላቱ አስታጥቄም እንግሊዝና አሜሪካ ተምሮ መጥቶ ከአምሃ ጋር ሠርቷል። ቪብራፎኑን፣ በዱላ የሚመታውን የብረት መሣሪያ፣ ከእኛ ቅኝት ጋር ያስታረቀው እሱ ነው።

ቴፑ ሲያልቅ አገር ጥሎ ይወጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ አልነበረም። ስለዚህ ሕንድ፣ ሊባኖስ፣ ግሪክ ይላካል። ፋብሪካው ከቴፑ ላይ የብረት ቅርጽ ያወጣል። የጋለ ፕላስቲክ በዚያ ቅርጽ ተጨፍልቆ ሸክላ ይሆናል። ከዚያ በካርቶን ታሽጎ ይመለሳል፤ ጉምሩክ ያልፋል፤ ሱቅ ይገባል።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። ለፋብሪካው የሚከፈለው ቀድሞ ነው፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ። የሚሰበሰበው በኋላ ነው፤ በብር፣ አንድ አንድ እያለ። ስንት ፍሬ እንደሚታተም የሚወሰነው ዘፈኑን ሰው ከመስማቱ በፊት ነው። ትንሽ ካሳተምህ ዘፈኑ ሲወደድ ሸክላው ያልቅብሃል። ሌላው ተጭኖ እስኪመጣ ወረቱ ያልፋል። ብዙ ካሳተምህ ደግሞ ብርህ መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል። ዘፋኙም ብሩን ዛሬ ይፈልጋል፤ ተጫዋቾቹም ዛሬ። አሳታሚው መሐል ላይ ቆሞ የሁሉንም ጊዜ ይሸከማል።

ትንሿ ሸክላ ለዚህ ተስማሚ ነበረች። ሁለት ዘፈን ብቻ ስለሆነች ቢከስርም ብዙ አይከስርም። አንዱ ዘፈን ካልያዘ ሌላው ይይዛል። ትልቁን አልበም አምሃ ያሳተመው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ይህም አስተዋይነቱን ይነግረኛል።

ስድስት ዓመት

ከ1969 እስከ 1975 አምሃ ሪከርድስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጣ። በትንንሾቹ ብቻ ከ200 በላይ ዘፈን ማለት ነው። ትንንሾቹ ሸክላዎች በዓመት ሲካፈሉ 17 ገደማ ይመጣል። በየሦስት ሳምንቱ አንድ ሸክላ! በዚያ ዘመን፣ ቴፑ ባሕር ተሻግሮ ሄዶ እየተመለሰ። እኔ ዛሬ ኮምፒውተር ፊቴ አስቀምጬ፣ ከቤቴ ሳልወጣ፣ ያንን ፍጥነት አልደረስሁበትም።

ሌሎችም ተከተሉት። ፊሊፕስ ኢትዮጵያ ገባ። ትልቅ ስም፣ ትልቅ ካፒታል። ዓሊ አብደላ ካይፋ ደግሞ ካይፋ ሪከርድስን ከፈቱ። የሀገር ፍቅር ብቸኛ መብት ተረሳ። ከ1969 እስከ 1978 ድረስ በአገሪቱ ከወጡት ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎች ውስጥ አንድ አምስተኛው ያህል የአምሃ ናቸው። ሦስት አሳታሚ ሲኖር ዘፋኙ አንዱ ጋ ካልተስማማ ሌላው ጋ መሄድ ይችላል። ከመንግሥት ደሞዝ ውጭ ለድምፁ ዋጋ የሚሰጥ ሰው መኖሩ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

እነዚያ ሸክላዎች ጎንደርም ይደርሱ ነበር። የአጎቴ ሳጥን ምስክር ነች። በአውቶቡስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው፣ አቧራ ጠጥተው፣ የሆነ ቡና ቤት ባንኮኒ ላይ ማታ ማታ ሲዞሩ ነበር። አንዱ ሸክላ ላይ ከመሐል እስከ ጫፍ የሚሄድ ጭረት አለው። ማጫወቻ ተውሼ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በየዙሩ «ጠቅ» ይላል። መርፌው ግን አልዘለለም፤ ዘፈኑን ጨረሰው።

በ1974 የሙላቱ አልበም በአምሃ ስም ወጣ። ርዕሱ «የካቲት» ይላል፤ ኢትዮ ጃዝ የሚለውም ስም አለበት። የካቲት 1966 ዓ.ም. የአብዮቱ ወር ነው። አሳታሚው በዓመቱ ገደማ ይዘጋል ብሎ ማን ገመተ?

ሌሊቱ ሲዘጋ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ወረዱ። የሆነውን ሁሉ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ጎንደር ያንን ዘመን እንዴት እንዳሳለፈችው ለጎንደር ሰው እኔ አልነግረውም። ስለ ሸክላው ብቻ ልናገር።

ሰዓት እላፊ መጣ። ለሙዚቃ ነጋዴ ይህ ሱቁን ከመዝጋት አይተናነስም። ሸክላ የሚተዋወቀው ማታ ነው። ባንዱ ክለብ ውስጥ ይጫወተዋል፣ ሰው ይጨፍርበታል፣ በማግስቱ ሱቅ መጥቶ «ያንን ዘፈን» ይላል። ሌሊቱ ሲዘጋ ማስታወቂያው ተዘጋ፤ ተጫዋቾቹም የእንጀራቸውን ግማሽ አጡ። ሰዓት እላፊው ደግሞ የወር የሁለት ወር ነገር አልነበረም። ከአሥር ዓመት በላይ ዘልቋል።

በዚያ ላይ ባንኮች ተወረሱ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ታወጀ። የግል ነጋዴ የሚባል ሰው አንገቱን ደፋ። ቤሩትና ሕንድ ገንዘብ እየላከ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴማ ይባስ። ሳንሱር በንጉሡም ዘመን ነበር፤ አሁን ግን ጠበቀ። የፍቅር ዘፈንም ቢሆን «ምን ማለቱ ነው?» የሚል ሰው በዛ።

በ1975 አምሃ አገሩን ለቆ አሜሪካ ገባ። አምሃ ሪከርድስም በዚያው ቆመ። ይህ ለኔ የጉዳዩ ደካማ ጎን ነው። ድርጅቱ አንድ ሰው ነበር። ምርጫው፣ ብሩ፣ ከፋብሪካ ጋር ያለው መተማመን፣ ከዘፋኞች ጋር ያለው ወዳጅነት ሁሉ እሱ ጋ ነበር። ሰውየው አውሮፕላን ላይ ሲወጣ ሁሉም አብሮት ወጣ።

ታዲያ ያጠፋው ደርግ ብቻ ነው ወይ? እኔ እንደዚያ አልልም። ካይፋን ተመልከቱ። አልተሰደዱም፤ እዚሁ ቆዩ። በ1975 እንኳ የማሕሙድን ሥራ እያሳተሙ ነበር። ሸክላው ራሱ እስከ 1978 ገደማ ነው የቆየው። ከዚያ ካሴት መጣ። ካሴት ቤሩት መሄድ አያስፈልገውም። እዚሁ ይባዛል፣ ዛሬ ተቀድቶ ነገ ይሸጣል። ካይፋ ወደ ካሴት ዞረው ቀጠሉ። አምሃ ቢቆይ ኖሮ እሱም ሸክላውን መተው ነበረበት። ልዩነቱ፣ ካይፋ መተው የሚችሉበት ቦታ ላይ ነበሩ።

በየክፍለ ሀገሩ ደግሞ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። ወሎ ላሊበላ፣ ጎጃም ግሽ ዓባይ፣ የኛው ፋሲለደስ። ትልልቅ ድምፆች በነሱ መድረክ አልፈዋል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ግን ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ዘፋኙም ልብሱም መድረኩም እንደገና የመንግሥት ሆኑ።

የተረፈው

ሸክላዎቹ ጠፉ፤ ማለትም በየሳጥኑ ተኙ። በ1980ዎቹ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ የማሕሙድን አንድ ሸክላ ሰማ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ለዚህ ሙዚቃ ሰጠው ማለት ይቻላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ፓሪስ ላይ መውጣት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ቅጾች በብዛት የቆሙት በአምሃ ቀረጻዎች ላይ ነው። ይህ የሆነው ደግሞ ባለቤቱ በሕይወት ስለነበረና ፈቃድ ስለሰጠ ነው። የሚፈርም ሰው ነበር። የሚፈረምበት ነገር ነበር።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ሱቁ የለም። ፋብሪካው የለም። ባንዶቹ ተበትነዋል። ከ20 ዓመት በላይ አልፏል። ሆኖም ቀረጻው የማን እንደሆነ ስለሚታወቅ ሥራው እንደገና ተነሣ። በ2005 አንድ የአሜሪካ ፊልም የሙላቱን ዜማ ሲያስገባ ስንቱ የዓለም ሰው ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ መጠየቅ ጀመረ። ግርማ በየነ ለብዙ ዓመት ከመድረክ ርቆ ቆይቶ በ2017 በዚያው ተከታታይ ውስጥ አዲስ አልበም ይዞ ብቅ አለ።

አምሃ በ1990ዎቹ አገሩ ተመልሷል። ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በ74 ዓመቱ አዲስ አበባ ላይ አረፈ። አራት ወር ያህል ቆይቶ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ የመጀመሪያውን ሸክላ የዘፈነለት ዓለማየሁ እሸቴም ተከተለው።

የአጎቴ ሱቅ

የአጎቴ ሱቅ በካሴት ዘመን ነው ያደገው። አዲስ አበባ ካሉ አከፋፋዮች ኦርጅናል ካሴት ያመጣሉ። ጎን ለጎን ደግሞ ይቀዳሉ። ሰው የዘፈን ዝርዝር በወረቀት ጽፎ ይመጣል፤ በተለይ የኮሌጅ ተማሪዎች። ባለ ሁለት ቤቱ ቴፕ ላይ አንድ በአንድ እንገለብጥለታለን። ካሴቱ ሲያልቅ አጎቴ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ በቢላ ጫፍ ሰብረው ያወጧታል። እሷ ከተሰበረች በላዩ መቅዳት አይቻልም። ተማሪው ቤቱ ሄዶ ሲሰለቸው ቀዳዳዋን በወረቀት ይደፍንና ሌላ ይቀዳበታል። የተጠላለፈ ክር ሲመጣልን በእስክሪብቶ እያሽከረከርሁ የማስተካክለው እኔ ነበርሁ።

ከዚያ ገልብጠን ከምናገኘው ብር ለዘፋኙ የሚደርሰው ነገር የለም። አጎቴ ይህን አይደብቁም ነበር። «የሰው ላብ ነው» ይሉ ነበር፤ ግን ኪራዩም መከፈል አለበት። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ያኔ ካሴቱ ራሱ እየሞተ ነበር። ሲዲ መጣ፤ ቀጥሎ ፍላሽና ሚሞሪ። ላፕቶፕ የያዘ ልጅ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ በጥቂት ብር የስልክህን ሚሞሪ ይሞላልሃል። አጎቴም ላፕቶፕ ገዙ። አልሆነም። ሱቁን የዘጉ ቀን ያ ሁሉ ግድግዳ ዋጋ አልነበረውም። የሌላ ሰው ዘፈን ስንሸጥ ነበር የኖርነው፤ የኛ የምንለው አንድም ቀረጻ አልነበረንም።

አንድ ነበረን፤ እሱንም እኔ ነኝ ያጠፋሁት።

ቅዳሜ ቀን ነው፤ ገበያ። ከገጠር የመጡ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ሱቅ ገቡ። በዕድሜ የገፉ ናቸው። አጎቴ ወንበር ሰጥተው፣ በሩን ዘግተው፣ ስፒከሩን አጥፍተው ቀዱላቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ። እንደዚያ ዓይነት ሽለላ ከዚያ በኋላ ሰምቼ አላውቅም። አጎቴ ጥቂት ብር ሰጧቸው፤ ተመራርቀው ተለያዩ። ያንን ካሴት እየገለበጥን ብዙ ሸጥን። ማስተሩ ተራ ካሴት ነበር። ለመገልበጥ ስለምንፈልገው ጠረጴዛው ላይ ይውላል። ፕላስቲኳ አልተሰበረችም። አንድ ማታ ባዶ ካሴት መስሎኝ የሬዲዮ ዘፈን ቀዳሁበት። አጎቴ ሲሰሙት ምንም አላሉኝም። ቢላዋን አውጥተው ሰጡኝ፤ በቃ።

ቅጂዎቹን ከዚያ በኋላ ፈልጌያለሁ። ያገኘሁት አንድ ነው፤ ክሩ ረግቦ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። የሰውየውን የአባት ስም እንኳ አልጻፍንም።

ሁለት ገጽ ወረቀት

ባለፈው አንድ ወጣት አዝማሪ ወደ ክፍሌ መጣ። ማሲንቆውን ከአባቱ ነው የተማረው። ሌሊት ሌሊት አዝማሪ ቤት ይሠራል። ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ቀድቶት በራሱ ዩቲዩብ ላይ ለቆታል። ብዙ ሰው አይቶለታል፤ ለልጁ የደረሰው የሻይ ብር ነው።

«አንተም እንደሱ ነህ?» አለኝ ገና ሳይቀመጥ።

ወረቀት አውጥቼ አሳየሁት። በአዋጁ መሠረት ሦስት ነገር ለየብቻ ነው የሚቆመው። ግጥምና ዜማው የደራሲው ነው። አጨዋወቱ የተጫዋቹ ነው። ቀረጻው የአሳታሚው ነው። ለተጫዋቹም ለአሳታሚውም ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ 50 ዓመት ነው። የአምሃ ሸክላዎች ተኝተው የተነሡበትን ዘመን ያህልና ከዚያም በላይ ማለት ነው። ልጁ ሦስቱንም ሰምቶ በጣቱ ቆጠረ። «ሁለቱ የኔ ናቸዋ!» አለ።

«ሁለቱ ያንተ ናቸው። ሦስተኛውን ወጪውን ስለማወጣ እኔ እይዘዋለሁ፤ የሚገባውን ብር ግን እኩል እንካፈላለን። ማስተሩ በሁለት ሃርድ ዲስክ ይገለበጣል። አንዱ አንተ ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ።»

ወረቀቱን ይዞ ቀስ እያለ አነበበው። አራተኛው አንቀጽ ላይ ቆመ። ዘፈኖቹን ለሌላ ሰው አያስቀዳም የሚል ነው።

«ይኼ አይሆንም» አለኝ። «ሠርግ ላይ ስጫወት ሰው በስልኩ ይቀዳኛል። ከልክል ልትለኝ ነው? ሙሽራውን ምን ልበለው?»

ትክክል ነው። አንቀጹን ከአንድ ሌላ ውል ላይ ነበር የገለበጥሁት። ስለ አዝማሪ ያሰበ ሰው አልጻፈውም። ሰረዝሁት። በምትኩ ለሽያጭ የሚሆን ቀረጻ ብቻ እንደሚከለከል፣ ሠርግና አዝማሪ ቤት ግን እንደማይመለከተው በእጄ ጻፍሁ። ጎኑ ላይ ሁለታችንም ፈረምን። ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ እንዲጽፍ ለመንሁት። ከዚያ ማሲንቆውን ከጨርቁ አወጣና መቃኘት ጀመረ።